ሄምፕን ለጭረት፣ ለዘር ወይስ ለአበባ? ከመዝራት በፊት የሚነበብ የንጽጽር መመሪያ

የካናቢስ ተክል ጥቅሞች ሲዘረዘሩ ከገመድና ከጨርቅ ተነሥተው ወደ ምግብ ዘይት፣ ወደ ወረቀት፣ ወደ ግንባታ ግብዓትና ወደ መድኃኒት ይዘልቃሉ። ዝርዝሩ በአብዛኛው እውነት ነው። ሰውን የሚያሳስተው ይህ ሁሉ ጥቅም ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ዝርያና በአንድ የምርት ወቅት የሚገኝ መምሰሉ ነው። ረጅምና ለስላሳ ጭረት (ቃጫ) እንዲሰጥ የተዘራ ማሳ ጥሩ ዘር አያፈራም፤ ዘር የቋጠረ ማሳም ሲቢዲ የተባለውን፣ አእምሮን የማያሰክረውን የተክሉን ንጥረ ነገር ለማውጣት የሚፈለገውን አበባ አይሰጥም። የዝርያው ዓይነት፣ የአዘራሩ ጥግግትና የሚቆረጥበት ጊዜ ለሦስቱም ዓላማዎች የተለያየ ስለሆነ ምርጫው ዘሩ ሳይገዛ መቆረጥ አለበት። ከተዘራ በኋላ ሊታረም የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ መመሪያ የሚያወዳድረው በተለምዶ ሄምፕ የሚባለውን፣ አእምሮን የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ማለትም ቲኤችሲ በጣም አነስተኛ መጠን ብቻ ያለበትን የካናቢስ ሰብል ነው። ከፍተኛ ቲኤችሲ ያላቸውን ዝርያዎች አይመለከትም። የተጻፈውም መሬት፣ ጉልበት ወይም ገንዘብ ይዘው በየትኛው መንገድ እንግባ ለሚሉ አርሶ አደሮች፣ ማኅበራትና ባለሀብቶች ነው።

ስለ ተክሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ካናቢስ ሳቲቫ ብሎ የመዘገበው ይህ ተክል በአንድ ዓመት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ የሚደርቅ ነው። በአብዛኛው ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ ይገኛሉ፤ ሁለቱንም አበባ በአንድ ግንድ ላይ የሚይዙ የተሻሻሉ ዝርያዎችም አሉ። የወንዴው ብናኝ በነፋስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ግንዱ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ከውጭ ያለው ልጥ ረጅሙንና ጠንካራውን ጭረት ይይዛል፣ ከውስጥ ያለው ደግሞ ቀላልና ቀዳዳማ እንጨት ነው። ከደረቁ ግንድ በክብደት ከሩብ የማይርቀው ልጥ ሲሆን የቀረው እንጨቱ ነው። ቲኤችሲና ሲቢዲን የያዘው ሙጫ የሚመረተው በሴቴዋ አበባና በዙሪያዋ ባሉት ትንንሽ ቅጠሎች ላይ በሚገኙ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። ዘሩ ውስጥ እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሉም ማለት ይቻላል፤ ላዩ ላይ የሚገኘው ጥቂት መጠን በመውቃት ጊዜ ከአበባው የተነካካ ነው።

በገበያ ላይ የሚሸጡትን የሄምፕ ዘይቶች ለሚገዛ ሰውም ይህ ልዩነት ይጠቅማል። ከዘር የተጨመቀ ዘይት የምግብ ዘይት እንጂ የሲቢዲ ዘይት አይደለም፤ ሲቢዲ የሚወጣው ከአበባ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ሕግ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 ለኢንዱስትሪ ዓላማ፣ ማለትም ለጭረትና ለዘር ብቻ የሚመረተውን ካናቢስ ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎታል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ሊከለክል ወይም ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። የቲኤችሲ ጣሪያውም ይለያያል፦ አሜሪካና ካናዳ 0.3 በመቶ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ እንዲሁ 0.3 በመቶ፣ ስዊዘርላንድ ደግሞ 1 በመቶ። ከእነዚህ የተለየ ሕግ ባለበት አገር የሚኖር ሰው የራሱን አገር ሕግ በጽሑፍ ሳይዝ አንድ ፍሬ እንኳ መዝራት የለበትም። በሕግ በተከለከለበት አገር አንዱም አማራጭ አይታሰብም።

ሁለተኛው ገዢውና ማቀነባበሪያው የሚገኝበት ርቀት ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሰብሉ በጥሩ ሁኔታ በቅሎ የሚቀበለው በመጥፋቱ በማሳው ዳር ተከምሮ የበሰበሰባቸው ብዙዎች ናቸው። ሦስተኛው የሚጠይቀው ገንዘብና የሰው ጉልበት፣ አራተኛው ከቆረጣ በኋላ ምን ያህል ቶሎ እንደሚበላሽ ነው።

አምስተኛው የቀን ርዝመት ነው፤ ብዙ ጊዜም ይዘነጋል። ሄምፕ ቀኑ ሲያጥር የሚያብብ ተክል ነው። በበጋ ቀኑ እጅግ በሚረዝምባቸው የሰሜን አገሮች የተዳቀለ ዝርያ ወደ ምድር ወገብ በቀረበ ቦታ ሲዘራ ገና ጉልበት ሳያወጣ፣ አንዳንዴም ከሰው ወገብ ሳያልፍ ያብባል። ይህ ጉዳት ከሁሉም በላይ የሚከብደው ርዝመት በሚፈልገው በጭረት ምርት ላይ ነው። ስለዚህ ገዢው ዘር ሻጩን መጠየቅ ያለበት ስለ ምርታማነቱ ብቻ ሳይሆን ዝርያው በየትኛው ኬክሮስ እንደ ተሞከረ ጭምር ነው።

መሬትን በተመለከተ በአማራጮቹ መካከል የሰፋ ልዩነት የለም። ሁሉም ውኃ የማይተኛበት፣ ለም አፈር ይፈልጋሉ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃ ያቆረበት መሬት ሰብሉን ያጫጨዋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ ተክሉ እንደ ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረታ ብረቶችን ከአፈር የመሳብ ችሎታ አለው። በፋብሪካ ፍሳሽ ወይም በማዕድን ሥራ በተበከለ መሬት ላይ ለዘርም ሆነ ለአበባ መዝራት አይገባም።

አንደኛው አማራጭ፦ ጭረት

ለጭረት የሚዘራ ሄምፕ ተጠጋግቶ፣ ለአንድ ሄክታር ከ40 እስከ 60 ኪሎ ግራም ዘር ይዘራል። ጥግግቱ ተክሉን ወደ ላይ ብቻ እንዲመዘዝ፣ ቅርንጫፍ እንዳያወጣና ልጡ ቀጭን እንዲሆን ያደርገዋል። ቅጠሉ ቶሎ መሬቱን ስለሚሸፍን አረም ያፍናል፤ በመልካም ከበቀለ በኋላ አረም የማረም ሥራው ቀላል ነው። የሚታጨደው ወንዴዎቹ ሲያብቡ፣ ዘር ሳይቋጠር ነው። ከዚያ በኋላ የሚቆይ ሰብል ልጡ እየጠነከረ፣ ከእንጨቱ ለመለየትም እየከበደ ይሄዳል።

ጥራቱ የሚወሰነው ከአጨዳ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። የታጨደው ግንድ በማሳው ላይ ተነጥፎ በጤዛና በዝናብ እየራሰ፣ በፀሐይ እየደረቀ ከሁለት እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ፈንገስና ባክቴሪያ ልጡን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ መሰል ነገር ይበሉታል። ግንዱ ከቢጫ አረንጓዴ ወደ ግራጫ ይለወጥና ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታዩበታል። መድረሱን ለማወቅ ከተለያዩ የማሳው ቦታዎች ግንዶች አንሥቶ ማጠፍ ይበቃል፤ እንጨቱ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ከረገፈና ልጡ ሳይበጠስ ከዳር እስከ ዳር ከተላጠ ደርሷል። እንጨቱ ከልጡ ጋር ተጣብቆ ከቀረ ጊዜው አልደረሰም፤ ጭረቱ ራሱ በጣት ሲጎተት ከተበጠሰ ደግሞ አልፏል፣ የሚመልሰውም የለም። እንዲገላበጥ አለማድረግ፣ ወይም ለተከታታይ ቀናት ያልቆመ ዝናብ፣ የዓመት ድካምን በዚህ ደረጃ ያጠፋል። የሚታሰረውም እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ሲወርድ ነው።

ቀጣዩ ችግር ልጡን ከእንጨቱ የሚለየው ማሽን፣ ዲኮርቲኬተሩ ነው። ማሽኑ ውድ ነው፤ አንድ አርሶ አደር ብቻውን የሚገዛው አይደለም። የታሰረው ግንድ በአንጻሩ ብዙ ቦታ ይዞ ክብደቱ ትንሽ በመሆኑ ሩቅ ሲጓጓዝ ትርፉን መንገድ ይበላዋል። ለዚህም ነው ማቀነባበሪያው በአጭር የጭነት ጉዞ ርቀት ካልተገኘ ጭረትን የማልመክረው። ረጅሙ ልጥ በሚሽከረከሩ የማሽን ክፍሎች ላይ እየተጠመጠመ ሥራ እንደሚያስቆምም በወጪ ስሌት ውስጥ መግባት አለበት።

ጥቅሙ ሰፊ ነው፦ ጨርቅ፣ ገመድ፣ ልዩ ወረቀት፣ የሙቀት መከላከያ ምንጣፍ፣ በመኪና በር ውስጥ የሚገባ ሰሌዳ። የውስጡ እንጨት ተከትክቶ ለእንስሳት ጉዝጓዝ ይሆናል፤ ከኖራ ጋር ተቦክቶም ሄምፕክሪት ለሚባለው የግድግዳ መሙያ ያገለግላል። ሄምፕክሪት በፈረንሳይ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ሙቀትና ቅዝቃዜን በመከላከል ጥሩ ነው፤ ክብደት ግን አይሸከምም፤ የጣሪያውን ጭነት የሚይዝ ምሰሶና ማገር የግድ ያስፈልገዋል። የቲኤችሲ ስጋት በዚህ አማራጭ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ የተመዘገበ ዝርያ የዘራና በጊዜው ያጨደ ሰው ከጣሪያው የማለፍ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ዘር

ዘር ለማምረት የሚዘራው ሳሳ ተደርጎ፣ በሄክታር ከ25 እስከ 35 ኪሎ ግራም ነው። ወንዴውም ሴቴውም ያስፈልጋል። ዘሩ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ የላይኛው ገና ወተት ሳለ የታችኛው መርገፍ ይጀምራል፣ ወፎችም ከሰው ቀድመው ይደርሱበታል። ልምድ ያላቸው አምራቾች ከመቶ ሰባው ዘር ሲበስል ያጭዳሉ። ሁሉም እስኪበስል የሚጠብቅ ሰው ምርጡን ዘር መሬት ላይ ይለቅማል።

የታጨደው ዘር ገና እርጥብ ስለሆነ በሰዓታት ውስጥ ማድረቅ ይገባል። ተከምሮ ያደረ እርጥብ ዘር ይግላል፤ ሽታው ይለወጣል፤ ከእርሱ የሚጨመቀው ዘይትም ይኮመጥጣል። ለማከማቸት እርጥበቱ ወደ 8 ወይም 9 በመቶ መውረድ አለበት። ከዚህ ውጭ ግን ሥራው የቅባት እህል አምራች ከለመደው ብዙ አይርቅም፤ ኮምባይነር ወይም የእጅ አጨዳ፣ ማበጠር፣ ማድረቅ፣ በቀዝቃዛ መጭመቂያ መጭመቅ። ትልቅ ፋብሪካ ሳይጠበቅ በመንደር ደረጃ ሊጀመር የሚችለው ይህ ብቻ ነው።

ዘሩ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ዘይት፣ ሩብ ያህል ፕሮቲን ይይዛል። በዘይቱ ውስጥ ኦሜጋ 6 እና ኦሜጋ 3 በግምት በ3 ለ1 ምጣኔ ይገኛሉ። ይኸው ጥሩ ባሕርይው ድክመቱም ነው፤ በሙቀትና በብርሃን ቶሎ ስለሚበላሽ ለመጥበሻ አይሆንም፣ በጠቆረ ጠርሙስና በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ከመጭመቂያው የሚቀረው ፋጉሎ ተፈጭቶ ለፕሮቲን ዱቄት ይውላል። የተፈለፈለ ዘር የሚሸጥ ሰው ዘሩን በሚገባ ማጽዳት አለበት፤ ከአበባው የተነካካው ሙጫ ካልተወገደ የምግብ የቲኤችሲ ገደብን ሊያሳልፍ ይችላል።

ጭረትና ዘርን አንድ ላይ ማምረትም ይቻላል። የላይኛው ጫፍ ለዘር ተቆርጦ ግንዱ ለጭረት ይቀራል። ነገር ግን ዘር እስኪበስል የቆየ ግንድ የሚሰጠው ጭረት ሻካራ ነው፤ ለጥሩ ጨርቅ አይሆንም። ለሙቀት መከላከያ፣ ለወረቀትና ለሄምፕክሪት ይበቃል። ለዘሩም ለግንዱም ገዢ ያለው ሰው ቢሞክረው አይከፋም።

ሦስተኛው አማራጭ፦ አበባ

ብዙ ሰው የሚማረከው በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የከሰረውም በዚሁ ነው። አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው የግብርና ሕግ ሄምፕን ስትፈቅድ አምራቾች በገፍ ወደ ሲቢዲ አበባ ገቡ፤ በ2019 የተመረተው ገበያው ሊወስደው ከሚችለው በላይ ስለነበር ዋጋው ወደቀ፣ ብዙ ምርትም ሳይሸጥ ቀረ።

አበባ ሲመረት እርሻው ወደ ጓሮ አትክልት ሥራ ይጠጋል። በሄክታር ከጥቂት ሺህ የማይበልጡ ተክሎች በሰፊ ርቀት ይተከላሉ፤ ሁሉም ሴቴ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ሴቴ ብቻ እንዲሆን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ውድ ዘር ወይም ከእናት ተክል ተቆርጦ ሥር ያወጣ ችግኝ ይገዛል። አንድ ወንዴ ተክል ሳይታይ ቢያብብ በዙሪያው ያሉት ሴቴዎች ዘር ይቋጥራሉ፤ የሙጫው መጠንም ይቀንሳል። ከጎን ያለ የጭረት ወይም የዘር ማሳ ይህንኑ ጉዳት በነፋስ ያመጣል። በመሆኑም አንድ አካባቢ ለዘርም ለአበባም እንዲሆን ማሰብ ጎረቤትን ከጎረቤት ማጋጨት ነው፤ ከመትከል በፊት የአካባቢውን አምራቾች ማነጋገር የግድ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስጋት የቲኤችሲ ጣሪያ ነው። ሲቢዲን የሚሠራው የተክሉ ኢንዛይም እግረ መንገዱን ጥቂት ቲኤችሲ ስለሚሠራ ሁለቱ አብረው ያድጋሉ። በሲቢዲ ዝርያዎች ምጣኔው ብዙውን ጊዜ ከ20 ለ1 እስከ 30 ለ1 ነው። ምጣኔው 25 ለ1 የሆነ ማሳ እንውሰድ። ሲቢዲው 6 በመቶ ሲደርስ ቲኤችሲው 0.24 በመቶ ነው፤ ሲቢዲው 7.5 በመቶ ሲሆን ቲኤችሲው 0.3 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ሲቢዲው 10 በመቶ ሲሞላ ቲኤችሲው 0.4 በመቶ ሆኖ ሰብሉ ከሕግ ይወጣል። ጣሪያው 0.3 በመቶ በሆነበት አገር ከፍተኛ ሲቢዲ ሰጥቶ በሕጉ ውስጥ ይቀራል የሚል የዘር ሻጭ የላቦራቶሪ ውጤቱን እንዲያሳይ መጠየቅ አለበት። በላቦራቶሪም የሚለካው እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ጠቅላላ ቲኤችሲ ነው፤ ይኸውም ቲኤችሲው ራሱ እና ሲሞቅ ወደ ቲኤችሲ የሚለወጠው አሲዱ በ0.877 ተባዝቶ ሲደመሩ ነው። ውጤቱ ካለፈ ሰብሉ እንዲወገድ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ አበባ ማበብ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በየሳምንቱ ናሙና አስመርምሮ፣ ትርፍ ሲቢዲ ትቶም ቢሆን ቀድሞ መቁረጥ ያዋጣል።

ከቆረጣ በኋላ ማድረቂያ ቤት፣ ነፋስ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያና ብዙ እጅ ያስፈልጋል። እርጥበት ያለበት ወፍራም አበባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከውስጥ ይሻግታል። ሲቢዲን ከአበባው የሚያወጣው በኢታኖል ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ የኬሚስትሪ ተቋም እንጂ የጓሮ ሥራ አይደለም።

ስለ መድኃኒትነቱ የሚነገረውም በልክ መያዝ አለበት። ኤፒዲዮሌክስ የተባለው የተጣራ የሲቢዲ መድኃኒት በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፀደቀው ለሁለት ከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው፤ ይህም በክሊኒካዊ ሙከራ ተረጋግጦ ነው። በየመደርደሪያው ያለው የሲቢዲ ዘይት ሁሉ ይህን ማስረጃ አይጋራም። ሲቢዲ በጉበት ውስጥ ከሌሎች መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ አይገባም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2022 በመረጃ እጥረት ሲቢዲን በምግብነት የመገምገም ሥራውን አቁሞ ነበር፤ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2023 ነባሩ የምግብ ሕግ ለሲቢዲ እንደማይመጥን አስታውቋል። የአበባ አምራች የሚሸጠው እንዲህ ባልጸና ሕግ ውስጥ ላለ ገበያ ነው።

በሰንጠረዥ ሲታይ

| መመዘኛ | ጭረት | ዘር | ዘርና ጭረት | አበባ |
|---|---|---|---|---|
| አዘራር | በጣም ጥቅጥቅ ያለ | መካከለኛ | መካከለኛ | እጅግ የተራራቀ |
| የሚቆረጥበት ጊዜ | ወንዴው ሲያብብ | 70 በመቶው ዘር ሲበስል | 70 በመቶው ዘር ሲበስል | በላቦራቶሪ ውጤት |
| ወንዴ ተክል | ችግር የለውም | ያስፈልጋል | ያስፈልጋል | ፈጽሞ አይፈለግም |
| የሰው ጉልበት | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | በጣም ከፍተኛ |
| መነሻ ወጪ ለአምራቹ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ከገዢ ርቀት | ቅርብ መሆን አለበት | ሩቅም ይሆናል | ለግንዱ ቅርብ | ሩቅም ይሆናል |
| የመበላሸት ስጋት | በማሳ ላይ በዝናብ | በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት | ሁለቱም | ሻጋታ |
| የቲኤችሲ ስጋት | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

አነስተኛ መሬትና የቤተሰብ ጉልበት ብቻ ያለው፣ በአካባቢው ምንም ማቀነባበሪያ የሌለ አምራች ዘርን ይምረጥ። ቢያንስ ምርቱ ደርቆ ይቀመጣል፤ ገዢ እስኪገኝ ይቆያል። ከመዝራቱ አስቀድሞ ግን ማድረቂያ ቦታውን ያዘጋጅ።

ሰፊ መሬት ላላቸው ማኅበራት ዲኮርቲኬተር በቅርብ ካለ ጭረት ይበጃቸዋል። ማሽኑን ራሳቸው ለመግዛት ካሰቡ በዓመት ስንት ቶን ግንድ እንደሚያስፈልገው ከአቅራቢው ጠይቀው፣ ያ ሁሉ ግንድ ከአባላቱ ማሳ እንደሚገኝ በውል ማረጋገጥ ይቀድማል። ግባቸው የግንባታ ግብዓት ብቻ ከሆነ ለጨርቅ የሚሆን ጥራት አያስፈልግምና ዘርና ጭረቱን አንድ ላይ ማምረት የተሻለ ገቢ ይሰጣል።

አበባ የሚሆነው የሙሉ ወቅት ምርቱ ቢወገድ እንኳ ኑሮው ለማይናጋ ባለሀብት ነው። በብድር ገንዘብ መጀመር የለበትም። ገዢው በጽሑፍ መታወቅ፣ የላቦራቶሪ አገልግሎት በቀናት ውስጥ ውጤት የሚሰጥ መሆን፣ በዙሪያውም የጭረትና የዘር ማሳ አለመኖር አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ገንዘቡን ለዘር መጭመቂያ ማዋል ይሻላል።

የትኛውም ቢመረጥ ከገዢው ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ሦስት ጉዳዮች በግልጽ ይጻፉ፦ ክብደቱ በምን ያህል እርጥበት እንደሚለካ፣ የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል፣ ሰብሉ የቲኤችሲ ጣሪያን ቢያልፍ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም። የዘሩም ከረጢት የዝርያውን ስም፣ የብቅለት መቶኛውንና የማረጋገጫ መለያውን የያዘ ይሁን፤ መለያው ሰብሉ እስኪሸጥ ድረስ ከደረሰኙ ጋር ይቀመጥ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።